ቢጫ ካርድ አለህ?

የአክስቴ ልጅ የተወለደው ጉለሌ ነው። የወለቀ የወተት ጥርሱን የወረወረውም እዚያው፣ የናቱ ቤት ቆርቆሮ ላይ ነው። በ2012 መግቢያ ላይ ግን በዚያው ቆርቆሮ ስር፣ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ የተኛው በቱሪስት ቪዛ ነበር። ቅጹ «የጉብኝትዎ ዓላማ» ሲለው «ቱሪዝም» ብሎ ሞልቷል። የሚጎበኘው እናቱን ነው። እሷ ደግሞ እንደ ሐውልት ዝም ብላ አትጎበኝም፤ በመጣ በሦስተኛው ቀን በርበሬ አሸክማ ወፍጮ ቤት ላከችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዝክ የኛ ዜግነት ይቀራል፤ ሕጉ ሁለቱን አንድ ኪስ ውስጥ አያስገባም። ለዚህ ግን ድሮ፣ በ1994 ዓ.ም.፣ በአዋጅ ቁጥር 270 መላ ተበጅቶለታል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይሉታል ወረቀት ላይ፤ ሰው የሚያውቀው «ቢጫ ካርድ» ብሎ ነው። እሱን የያዘ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይቀመጣል። አክስቴ ለዓመታት በስልክ «ልጄ፣ ቢጫ ካርዱን አውጣ» ስትለው ኖራለች። እሱም ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ «ኦኬ እማዬ» ሲላት ኖሯል። እሷ መናገር አልታከታት፣ እሱም ኦኬ ማለት።

እናም ነሐሴ 26 ቀን 2011 በ90 ቀን ቪዛ ገባ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ አሰላ። 90 ቀን ማለት ሦስት ወር፤ ከነሐሴ 26 እስከ ኅዳር 26። አለቀ። ሁላችንም ተስማማን፣ ቡናው ተፈላ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

ጳጉሜን የቆጠረ የለም። ያ ዓመት ደግሞ የሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜ ስድስት። የቪዛው መጨረሻ ኅዳር 19 መሆኑን ያወቅነው ኅዳር 14 ማታ፣ እራት ላይ ነው። አሥራ ሦስት ወር ጸሐይ እያልን ለቱሪስት ስንሰብክ የኖርን ሰዎች አሥራ ሦስተኛዋን ወር የረሳናት በገዛ ቱሪስታችን ላይ ነው።

«እዚሁ አስረዝመው» አልኩት።

«ሰልፉን አይተኸዋል?» አለኝ።

«በቃ በአውሮፕላን ናይሮቢ ደርሰህ ተመለስ። ሁለት ሰዓት ነው።»

«ደስታ የለውም» አለና ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ ያሳየኝ ጀመር። ታይላንድ ነው። ፂማም ፈረንጅ ቺያንግ ማይ ላይ ሞተር ተከራይቶ፣ በተራራ በተራራ ዞሮ፣ ማይ ሳይ የምትባል የጠረፍ ከተማ ደርሶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ምያንማር ገብቶ፣ ማህተሙን አስመትቶ ይመለሳል። ከኋላው ሙዚቃ አለ። ፀጉሩ ይውለበለባል። «ቪዛ ረን ይሉታል» አለኝ የአክስቴ ልጅ፤ «እኛ ደግሞ በሩጫ ማን ይቀድመናል?»

ሰልፍ አልችልም ያለ ሰው በሞተር ሞያሌ ልሂድ አለ። ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔም ሞኝ ነኝ፣ የሞተር መንጃ ፈቃድ እንዳለኝ ትዝ ሲለው እምቢ ማለት አቃተኝ።

አዲስ አበባ ላይ ሞተር እንደልብ መንዳት ከሰኔ 2011 መጨረሻ ጀምሮ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ እስከ ሐዋሳ በአውቶቡስ ሄደን ከእህቴ ባል ሞተር እንድንዋስ ተወሰነ። ይኼ ምስጢር ሆኖ መያዝ ነበረበት። የፈረንጁ ቪዲዮ ላይ ሰውዬው ቁልፉን አንስቶ ወጣ፤ ለማንም አልተናገረም። እኛ ቤት ግን አክስቴ ለአንዲት ጎረቤት ብቻ ነገረች። በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ደጃችን ላይ ነበር።

ግማሹ የመጣው ለምክር ነው። «መንገዱ ሰላም ነው?» ይላሉ፤ መልሱን ከኛ ሳይጠብቁ የሚመልሱት ራሳቸው ናቸው። አንዱ «ባለፈው ሳምንት የሄደ ሰው አውቃለሁ፣ ሰላም ነው» ሲል ሌላው «እሱ ሰውዬ እኮ እስካሁን አልተመለሰም» ይላል። ሌላው ግማሽ የመጣው ለዕቃ ነው። ሞያሌ የሚሄድ ሰው ተገኝቶ ባዶ እጁን ይመለሳል? ፔርሙዝ ያለ አለ፣ ሁለት ፔርሙዝ ያለ አለ። ከጎናችን ያሉት እናት ብርድ ልብስ ነው የፈለጉት፤ አንሶላ የሚያክል ስስ እንዳይሆን፣ አበባ እንዳይበዛበት፣ ቀለሙን ደግሞ… ቀለሙንም ነግረውኛል። እኔ ያን ሰዓት የአክስቴን ዳቦ ቆሎ ሻንጣ ውስጥ እየጠቀጠቅኩ «እሺ እማማ፣ እሺ» እያልኩ ነበር።

ሐዋሳ ስንደርስ የሲዳማ ሪፈረንደም ውጤት ከተነገረ ገና ጥቂት ቀኑ ነው፤ የከተማዋ ሆታ አልበረደም። የእህቴ ባል ቦክሰር ሞተሩን አጥቦ ጠበቀን። ሊብሬውን ሰጠኝ፣ ቦሎውን አሳየኝ፣ ከዚያ ሞተሯን እንደ ሚዳር ልጅ በእጁ ዳበሳት። «ጋሼ፣ አደራህ አደራዬ ነው» አልኩት። «አደራው ይቅር፣ ዘይቷን እያየህ» አለኝ።

የአክስቴ ልጅ መንዳት ፈልጎ ነበር። የሱ መንጃ ፈቃድ የሜሪላንድ ነው፣ ያውም የመኪና። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ የታየው ጀብደኛ ከኋላዬ፣ በኔና በአንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ መሃል ተቀመጠ። ፀጉር የለውም፣ የሚውለበለበው ጃኬቱ ነበር።

መንገዱን ግን አልዋሽም፣ ውብ ነው። ዲላ ቡና ጠጣን፣ ይርጋጨፌ ላይ ደግሞ ደገምን፣ ምክንያቱም ይርጋጨፌ ደርሶ ቡና ያልጠጣ ሰው ምን ይባላል። አረንጓዴው እያለ እያለ ሐገረ ማርያምን ካለፍክ በኋላ ቀስ እያለ ይለቅሃል። ቦረና ሲገባ አፈሩ ቀይ ይሆናል፤ ከሰው ቁመት የበለጠ ኩይሳ ግራና ቀኝ ቆሞ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ያይሃል። ግመል መንገድ ያቋርጣል፤ አይቸኩልም፣ ቪዛው የሚያልቅበት እሱ አይደለም። የአክስቴ ልጅ የዱብሉቅን ኤላ፣ ጥልቁን የውሃ ጉድጓድ፣ እንይ፣ ሜጋ አጠገብ ኤል ሶድ የሚባል እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያለ የጨው ሐይቅ አለ፣ እሱን እንይ ይለኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ቪዛው ቱሪስት ሆነ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ስለ ጨው የማስበው ውሃ ስለቋጠረውና በጨው ውሃ ስለምነክረው መቀመጫዬ ብቻ ነበር። ያቤሎ አድረን ጠዋት ስነሳ የተራመድኩት እንደ ካውቦይ ነው።

ኅዳር 18 ከሰዓት ሞያሌ ገባን። አንድ ቀን ተረፈን። ኩራታችን ልክ አልነበረውም። ኬላው ላይ ያሉት ሰውዬ ሞተሯን ዞር ዞር ብለው አዩና፦

«ቢጫ ካርድ አላችሁ?» አሉ።

የአክስቴ ልጅ ፊቱ ጠቆረ። «እማዬ ደውላላቸው ነው?» አለኝ በጆሮዬ።

እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነበር። ቦርሳዬን ከፍቼ የሁለታችንንም የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አወጣሁ። ኬንያ ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው ትጠይቃለች ብለውን ተከትበናል፤ ካርዱም ቢጫ ነው። ሰውዬው ተቀበሉኝ፣ ገለጡ፣ መለሱልኝ።

«ይኼ የሰው ነው። የሞተሩን ነው ያልኩህ።»

«ሞተሩ ቢጫ ወባ ይይዘዋል?»

ሰውዬው አልሳቁም። ሞተር ወይም መኪና ይዞ ድንበር የሚሻገር ሰው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል፤ የሦስተኛ ወገን መድን ነው፣ እዚያ ማዶ ሰው ብትገጭ የሚከፍልልህ። ስሙ ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቢጫ ካርድ። ይህች አገር ሌላ ቀለም አጥታ ነው እንዳልል፣ ኮሜሳ የብዙ አገሮች ነው፤ ክትባቱም የዓለም ነው። በዓለም ላይ ያለ ቢጫ ሁሉ እኛ ላይ ተማክሮ የመጣ ይመስላል። ከሦስቱ ያለን የወባው ብቻ ነው። የሱ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ነው የሚያገለግለው። አስበው፣ የአክስቴ ልጅ እስኪሞት ድረስ የሚያገለግል ቢጫ ካርድ አለው፤ የሰጠችው ግን አገሩ ሳትሆን ትንኝ ናት።

በዚያ ላይ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው። ውክልና የለንም። ሰውዬው ይኼንንም በትህትና አስረዱን። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የኛ ነው፤ የፂማሙን ቪዲዮ ሦስቴ አይተን አንድ ወረቀት አላነበብንም። ሞተሯን ያደርንበት አልጋ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከአንዲት ፍየል ጎን አሰርናት።

በማግስቱ በእግር ተሻገርን። እዚህ ጋ ነው ዓለም የተገለበጠው። በኢትዮጵያ በኩል የአክስቴ ልጅ ፓስፖርት ላይ የመውጫ ማህተም አረፈ። ማህተሙ ሳይደርቅ፣ የማይቸኩለው የመስኮቱ ልጅ ቀና ብሎ «በየት ነው የምትመለሰው?» አለው።

«በዚሁ። ነገ። አዲስ ኢ-ቪዛ አስሞልቼ።»

«ኢ-ቪዛ የሚሠራው በቦሌ ለሚገባ ነው።»

ዝም አልን። ከኋላችን የቆመች ሴትዮ «ኧረ እለፉ እባካችሁ» አለችን።

ወጥቷል ማለት ነው። መግባት አይችልም። 770 ኪሎ ሜትር በሞተርና በአውቶቡስ የመጣነው፣ ናይሮቢ ሄዶ በአውሮፕላን ቦሌ እንዲገባ ነው። መጀመሪያ ደስታ የለውም ባለው አውሮፕላን።

የኬንያው በኩል ደግሞ ሌላ ጉድ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ ይኼ ድሮም ያለ ስምምነት ነው። እኔ ፓስፖርቴን ዘረጋሁ፣ ማህተም ዱብ፣ «ካሪቡ»። የዓለም ኃያል ፓስፖርት የያዘው ዘመዴ ግን 51 ዶላር የከፈለበትን የኬንያ ቪዛ ወረቀት ይዞ ጥያቄ ይመልሳል። የት ታርፋለህ? ለምን በዚህ መጣህ? መቼ ትሄዳለህ? ዕድሜዬን ሙሉ ኤምባሲ ደጅ ወረቀት ተቃቅፌ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ያችን አምስት ደቂቃ ግድግዳ ተደግፌ፣ ጥርሴን በስንጥር እየነካካሁ፣ እንደ ኃያል አገር ዜጋ አጣጣምኳት። ክፋት አይደለም። ትንሽ ነው ክፋቱ።

ስንወጣ አንድ ቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ማለት ነው፣ ሊበላኝ ነበር። ኬንያ በግራ ነው የሚነዱት፣ እኔ ያየሁት ወደ ለመድኩት አቅጣጫ ነው። የቦዳ ቦዳው ልጅ ተሳደበ መሰለኝ፣ በስዋሂሊ ስለሆነ ምርቃት ነው ብዬ ወሰድኩት። የአክስቴ ልጅ ግን ዓይኑ በራ። ልጁን ጠራው። ተደራደረ። ከኋላው ተፈናጥጦ የኬንያን ሞያሌ ሁለቴ ዞሮ፣ እኔን ቪዲዮ አስነሥቶ፣ ወረደ። ፌስቡክ ላይ «ድንበር ተሻጋሪ የሞተር ጉዞ» ብሎ ለጠፈው። ውሸት አይደለም። ሞተር አለ፣ ድንበር አለ፣ እሱ አለ። የሦስቱን ቅደም ተከተል የሚጠይቅ የለም።

ማታ በናይሮቢ አውቶቡስ ሸኘሁት። ዳቦ ቆሎውን ይዞ ሄደ።

እኔ ብርድ ልብሱን ገዛሁ፣ ፔርሙዞቹን ገዛሁ፣ ሞተሯን ከፍየሏ ለይቼ ጉዞ ጀመርኩ። ብርድ ልብስ ሞተር ላይ ስታስር ከሩቅ ሲያዩህ ሁለት ሰው ትመስላለህ፤ በየፍተሻው «ከኋላህ ያለው ይውረድ» ይሉኛል። አንዱ ጋ አራቱንም ፔርሙዝ አስፈትተው፣ ክዳኑን አስከፍተው፣ ውስጡን በባትሪ አዩልኝ።

«ለንግድ ነው?»

«ለጎረቤት።»

«አራት ጎረቤት?»

«ሦስት። አንዷ ሁለት ብላኛለች።»

ተያዩና ለቀቁኝ። እንዲህ ያለ ውሸት ማንም አይዋሽም።

ዲላ ስደርስ ስልኬ ምስል አመጣ። ቦሌ ነው። የአክስቴ ልጅ በአዲስ የ90 ቀን ቪዛ ገብቷል። ቤተሰቡ በሙሉ አበባ ይዞ ወጥቷል፤ ከአራት ቀን በፊት ከሳሎን የሸኙትን ሰው። አክስቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። ከስሩ «ዶሮ ተሠርቷል፣ የት ደረስክ?» የሚል መልእክት አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ መጣ፦ «ትንሽ እንቁላል አስቀርተንልሃል።»

ሞተሯን ሐዋሳ መለስኩ፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ። ከታክሲ ስወርድ መጀመሪያ ያገኘኋቸው ከጎናችን ያሉትን እናት ነው። ብርድ ልብሱን እንደ ሕፃን ታቅፌ አስረከብኳቸው። ፌስታሉን ገለጡ። ዳሰሱት። ወፍራም ነው፣ አበባ አልበዛበትም። ቡናማ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉና ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። «ግን… ቢጫ ብዬህ አልነበር?»