የክርክር መድረኩ ልማድ ድርሰቱን እያበላሸ ነው

በትምህርት ቤት መድረክ «ከብዕርና ከጎራዴ ማን ይበልጣል?» ተብሎ ሲከራከሩ ጭብጨባው የሚደምቀው ተቃራኒውን ላሽሟጠጠ ነው። መድረክ ላይ አይከፋም፣ ያስቃል። ያው ልማድ ወደ ወረቀት ሲዛወር ግን አመዛዛኝ ድርሰት፣ ማለትም አቋም ይዞ የተቃራኒውንም ወገን ሐሳብ እየመዘነ የሚከራከር ድርሰት፣ ጻፉ የተባሉ ተማሪዎች የሚያስረክቡት በጽሑፍ የሰፈረ ንግግር ይሆናል፤ ሌላው ወገን ምን እንደሚል አንድም ቦታ አይገኝበትም።

ጥፋቱ ከርዕሱ ይጀምራል። «ቡና ለጅማ ጠቃሚ ነው» የሚለውን የሚክድ ሰው በከተማዋ ከሂርማታ እስከ ጅሬን ቢፈለግ አይገኝም፤ ስለዚህ የሚያከራክር ነገር የለም። አቋም ማለት ማን፣ ምን፣ መቼ ማድረግ እንዳለበት የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለምሳሌ፦ «የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ያላዘጋጀ እሸት ቡና ማጠቢያ የመጪውን ዓመት ለቀማ እንዳይቀበል መደረግ አለበት።» ይህን የሚቃወም ሰው አለ፤ የሚቃወመውም በቂ ምክንያት ይዞ ነው።

ቀጥሎ ምክንያት። «ፍሳሹ ወንዙን ይበክላል፣ ስለዚህ ይከልከል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። መሃል ላይ የጎደለው እንዴት የሚለው ነው። ከፍሬው የወጣው ስኳርና ዝልግልግ ውኃ ውስጥ ሲበሰብስ ረቂቅ ተሕዋስያን በውኃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። እጥበቱ የሚበረታው ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ወንዙ እያነሰ በሚሄድበት ወቅት ነው፤ ፍሳሹን የሚያቀጥነው ውኃ ይቀንሳል። እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሲገቡ አንባቢው ጉድጓዱ ለምን እንደተጠየቀ ራሱ ይደርስበታል። «ብዙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የሚለው ሐረግ የትኛው ጥናት እንደሆነ ካልተናገረ ቢሰረዝ ይሻላል። ሁለት እንዲህ የተብራሩ ምክንያቶች ይበቃሉ። ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ለመሙላት የሚገባ ነው፤ ተቃዋሚም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ድርሰቱ የሚፈተነው ግን በተቃዋሚው አንቀጽ ላይ ነው። ደካማ ጸሐፊ «አንዳንድ ራስ ወዳድ ባለሀብቶች ይቃወማሉ» ብሎ ያልፋል። ይህ ስድብ እንጂ መልስ አይደለም። የተቃዋሚው ጠንካራ ክርክር ሌላ ነው፦ ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻል፤ ማጠቢያው ከተዘጋ ገበሬው እሸቱን አድርቆ በጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው፣ ለመሸጥ ይገደዳል፤ ገንዘቡም ይዘገይበታል። ይህንን ባለጉዳዩ ራሱ አንብቦ «አዎ፣ ያልኩት ይኼንኑ ነው» እስኪል ድረስ አስተካክሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚያ መልሱ ይከተላል፦ ማስጠንቀቂያው ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከተሰጠ ጉድጓዱ ለቀማው ሳይደርስ ይቆፈራል፤ ካልተቆፈረም እሸቱ ወደ ሌላ ማጠቢያ ሊሄድ ይችላል። ሌላ ማጠቢያ በቅርብ በሌለበት ቀበሌስ? እዚያ ተቃዋሚው ልክ ነው፤ አቋሙን ማጥበብ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የአንድ ዓመት ጊዜ መስጠት ይገባል። እንዲህ የተሸራረፈ አቋም ደካማ የሚመስላቸው አሉ፤ ለመርታት ግን ከባዱ እሱ ነው።

የአንድ ሰዓት ፈተና ከሆነ 15 ደቂቃ ለአስተዋጽኦ (ለድርሰቱ ንድፍ)፣ 35 ለመጻፍ፣ 10 ለማረም። አስተዋጽኦ ሲወጣ የተቃዋሚውን ምክንያት ከራስ ምክንያት አስቀድሞ ማስፈር ይጠቅማል፤ መጨረሻ ላይ ከተተወ ጊዜ ያልቅና ይዘለላል። መግቢያው ከአራት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፤ አቋሙም እዚያው ይቀመጥ። «ቡና የኢኮኖሚያችን የጀርባ አጥንት እንደመሆኑ መጠን» በሚል የሚጀምር ወረቀት ግማሽ ገጹን ሁሉም በሚያውቀው ነገር ሞልቶ ይጨርሳል። መደምደሚያው ላይ አዲስ ምክንያት አይግባ።

መምህራንም ድርሻ አላቸው። «ሠ» እና «ሰ» ተለዋውጠው ሲገኙ በቀይ ይከበባሉ፤ ምክንያትና አቋም ሳይገናኙ ሲቀሩ ግን ዝም ይባላል። ከ30 ነጥብ 10ሩ ለተቃዋሚው አንቀጽ ቢሰጥ ተማሪው ትኩረቱን ወደዚያ ያዞራል። ክፍሉ 60 ተማሪ ከያዘና ሁሉንም ረቂቅ ማንበብ ካልተቻለ ወረቀት ማቀያየር ነው፦ እያንዳንዱ የጓደኛውን ረቂቅ በ10 ደቂቃ አንብቦ ኅዳጉ ላይ የሚታየውን ጠንካራ ተቃውሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ባለቤቱ በማግስቱ መልሱን አክሎ ያስረክባል።