ካርታው ማን ጋ ነው ያለው?

ሰሞኑን አራት ሆነን ቁጭ ብለን ስናወራ፣ ወሬው እንዴት እንደዞረ እንጃ፣ ጎርፍ ላይ ደረስን። አንዱ ማዘጋጃ ቤት ፕላን ክፍል ነው የሚሰራው። የአደጋ ስጋት ቅነሳ ዕቅድ እያዘጋጀን ነው አለ፣ ትንሽ ኮራ ብሎ። አጠገቡ ያለችው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ስንተኛው ዕቅድ ነው? ያለፈው መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ አይደል?»

ተናደደ። «ስለማታዩት ነው እንጂ» አለና ስለ ፉዳይ ያወራልን ጀመር። ጃፓን ውስጥ ባህር ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። በፈረንጆቹ 1896 እና 1933 ሱናሚ መጥቶ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ወሰደባት። ኮቶኩ ዋሙራ የሚባለው ከንቲባዋ ያንን አልረሳም፣ 15 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ግንብና የውሃ በር ካልተሰራ ብሎ ሙጭጭ አለ። ይሄ ሁሉ ገንዘብ ለምን ይባክናል ብለው ስንት ነገር ተናገሩት። በሩ 1984 ላይ አለቀ፣ ሰውየው 1997 ላይ ሞተ። 2011 ላይ ያ ታላቅ ሱናሚ ሲመጣ የመንደሯ ቤቶች ተረፉ። ከዚያ በኋላ ሰው መቃብሩ ድረስ እየሄደ አመሰገነው።

ዝም አልን። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ምን ይባላል።

«ታሮስ?» አለ ሶስተኛው። ኮንትራክተር ነው፣ ብዙ አይናገርም። ታሮም እዚያው ባህር ዳርቻ ላይ ነው ያለችው። የሷ ግንብ 10 ሜትር ነበር፣ ከየቦታው እየመጡ የሚጎበኙት፣ የሚኮሩበት። በዚያው በ2011ዱ ሱናሚ ውሃው በላዩ ላይ አልፎ ገባ። «ግንብ ስትሰራ ሰው ግንቡን አምኖ ከጀርባው ቤት ይሰራል። እኔ ራሴ ብሆን እሰራለሁ። ከዚያ ውሃው ከግንቡ የበለጠ ቀን ጉዳቱ ግንብ ሳይኖር ከነበረው ይብሳል።» ይሄን ነገር ጊልበርት ዋይት የሚባል አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ምሁር ገና በ1940ዎቹ አንስቶት ነበር። ኮንትራክተሩ ግን ከሱ የሰማው አይመስለኝም፣ ከስራው ነው ያወቀው።

የፕላን ሰውየው ቶሎ እጅ አልሰጠም። እኛ ግንብ ብቻ አይደለም የምናቅደው አለ። ቱልሳን አነሳ፣ ኦክላሆማ ያለችውን። 1984 ላይ 14 ሰው የሞተበት ጎርፍ ሲደርስባት ከተማዋ ውሃ መንገድ ላይ ያሉ ቤቶችን ከባለቤቶቹ እየገዛች አነሳች። ቦታው ለውሃው ተተወ። ኦዲሻንም ጨመረ፦ ህንድ ውስጥ ነው፣ 1999 ላይ አውሎ ነፋስ 10 ሺህ ያህል ሰው ገደለ፣ 2013 ላይ እንደዚያ ያለ ኃይለኛ ሲመጣ ግን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ቀድሞ ስለወጣ የሞተው በአስሮች የሚቆጠር ነበር። መጠለያው ቀድሞ ተሰርቷል፣ ማን በየትኛው መንገድ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ይታወቃል።

«እሺ» አለች ሴትዮዋ፣ አሁን አትስቅም። «ቱልሳ ቤቱን ገዛችው። እናንተ በምን ትገዙታላችሁ? ወንዝ አፋፍ ላይ የሚኖረው ሰው እኮ ጎርፍ መኖሩን ጠፍቶት አይደለም፣ አቅሙ የደረሰበት መሬት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ነገ ተነስ ትለዋለህ። የት ይሂድ?»

ለዚህ መልስ አላገኘም። እውነቱን ለመናገር እኔም የለኝም።

እኔ ግን ሌላ ነገር ጠየቅኩት። የጎርፍ ካርታ አላችሁ? አለን አለ። በቀለም የተለየ፣ ቆንጆ። እሺ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ልጅ ጠረጴዛ ላይ አለ?

ትንሽ አሰበ። «እሱ ሌላ ክፍል ነው።»

በቃ፣ ለኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ። አሁን ያሉትን ማንሳት ገንዘብ ይፈልጋል፣ እሺ። ነገ ካርታው ጎርፍ ይደርስበታል ብሎ ቀይ ያደረገው ቦታ ላይ ፎቅ ልስራ ብሎ ለሚመጣው አይሆንም ማለት ግን ምን ገንዘብ ይፈልጋል? የሚያስፈልገው ካርታው ከአንዱ ቢሮ ወደሌላው መሻገሩና እምቢ ያለውን ሰራተኛ አለቃው ከላይ ተደውሎለት አለማስቀየሩ ነው (ሁለተኛው እንደሚከብድ አውቃለሁ)። ዋሙራ ዕቅዱ ስላማረለት ሳይሆን እየተሰደበም ስላልተመለሰ ነው ያ በር የቆመው።

ካርታው ፈቃድ መስኮቱ ጋ ደረሰ ካለኝ በሚቀጥለው ከሱ ጎን ሆኜ እከራከራለሁ። እስከዚያ ግን ከሷ ጋ ነኝ።