ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ሽቦው ያደረሰለትን ብቻ ነው
«ሃርድዌር ተራ ዕቃ ሆኗል፤ ዛሬ መኪናን ከመኪና የሚለየው ሶፍትዌሩ ነው» የሚለውን አልቀበልም። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2018 በኢንተርኔት በላከው ማሻሻያ የሞዴል 3ን የማቆሚያ ርቀት ማሳጠሩ እውነት ነው፤ ግን ጎማው፣ ፍሬኑና የመንኮራኩር ፍጥነት ሴንሰሩ ያን አቅም አስቀድመው ባይይዙት ኖሮ የትኛው ኮድ ያመጣው ነበር? የመኪና ኤሌክትሪክ ጠጋኝ ነኝ። አንድ ጊዜ መሪው በድንገት የሚከብድ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ በአንድ ላይ የሚበሩ መኪና መጣልኝ፤ ከእኔ በፊት ያዩት ሰዎች ሶፍትዌሩን ሁለት ጊዜ እንደገና ጭነውበታል። ባትሪውን ፈትቼ በሁለቱ የካን መስመር (የመኪናው ኮምፒውተሮች መልእክት የሚለዋወጡበት መስመር) ሽቦዎች መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መቋቋም ስለካ፣ 60 ኦም ገደማ መሆን የነበረበት 120 አሳየ። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ያሉት ባለ 120 ኦም ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድቡ ክፍሎች) ጎን ለጎን ሲለኩ 60 ይሰጣሉ፤ 120 ከታየ አንዱ ከመስመሩ ተለይቷል ማለት ነው። ምንጣፉን ገልጬ ሶኬቱን ስነቅለው አንዷ ፒን በአረንጓዴ ዝገት ተበልታ አገኘኋት፤ ውሃ ሲገባባት ከርሟል። «የስህተት ኮዱን አንብቦ ኮምፒውተሩን መቀየር ነው» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ኮዱ የሚነግርዎት መልእክቱ አለመድረሱን እንጂ የት እንደቀረ አይደለም። እባክዎ ኮምፒውተር ከመግዛትዎ በፊት መስመሩን ይለኩ።