ኮኬይን ሦስት ወር፣ ጫት ሁለት ዓመት

ዓለም አቀፉ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ ዋዳ፣ የ2026 የክልከላ ዝርዝሩን ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። የእኛዎቹ የስፖርት ኃላፊዎችም እንደ ልማዳቸው ያለ አንዲት ጥያቄ ተቀብለው ማስተማር ይዘዋል። ዘንድሮ ከተጨመሩት ውስጥ ብዙ የተወራለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ለምርመራ ካልሆነ በቀር መሳብ ተከልክሏል። የማን ጣጣ እንደሆነ የአውሮፓን የብስክሌት ውድድር የሚከታተል ያውቀዋል። ደሴ ላይ ወይም ተንታ ማሠልጠኛ ማዕከል ውስጥ ጋዙን በመሣሪያ ለክቶ የሚስብ አትሌት የለም፤ የከሰሉ ጭስ ካልተቆጠረ በቀር። ወረድ ብላችሁ «አነቃቂዎች» የሚለውን ክፍል ስታነቡ ግን ካቲን ዘንድሮም ቦታው ላይ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ጥፋት ነው። ካቲኖን ደግሞ እዚያው አጠገቡ አለ፤ እሱማ የመጠን ገደብ እንኳ አልተጻፈለትም። ሁለቱም ያሉት ጫት ውስጥ ነው።

ይህ ሲነሳ የሚሰጠው መልስ ምንጊዜም አንድ ነው፦ «ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፤ አትሌት ጫት አይቅም፤ አለቀ!»

አትሌት ጫት አይቅም በሚለው አልከራከርም። እንቅልፍ ያሳጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ልብ ያስመታል፤ ለሯጭ የሚጠቅም አንድ ነገር የለውም። «ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው» የሚለው ግን ውሸት ነው። የሚሉትም ሰዎች የዋዳን ኮድ፣ ማለትም ዋናውን ደንብ፣ ገልጠው ስላላነበቡት ነው የሚሉት።

ኮዱ ምን ይላል? በ2021ዱ ኮድ አንቀጽ 4.2.3 «የሱስ ንጥረ ነገሮች» የሚባል ምድብ አለ። መስፈርቱ ከስፖርት ውጭ በኅብረተሰቡ ውስጥ በብዛት አለአግባብ የሚወሰዱ መሆናቸው ነው። በዝርዝሩ ላይ በዚህ ስም የተጠቀሱት አራት ናቸው፦ ኮኬይን፣ ሄሮይን፣ ኤክስታሲ እና የካናቢሱ ቲኤችሲ። እነዚህን የወሰደ አትሌት ከውድድር ሰዓት ውጭ እንደወሰደውና ከብቃቱ ጋር እንደማይገናኝ ካስረዳ በአንቀጽ 10.2.4 መሠረት ቅጣቱ ሦስት ወር ነው። ዕውቅና ያለው የሱስ ሕክምና ፕሮግራም ከጨረሰ ወደ አንድ ወር ይወርድለታል። ጥፋቱ ከባድ ነው ቀላል ነው የሚል ክርክር ውስጥ ማንም አያስገባውም።

አሁን ሁለት ሯጮችን አስቡ። አንደኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የአውሮፓ ከተማ ውስጥ ኮኬይን ስቧል። ሁለተኛው በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሐርቡ ከዘመዶቹ ጋር ዱዓ ላይ ተቀምጦ ጫት ቅሟል። «የውድድር ሰዓት» በኮዱ ትርጉም የሚጀምረው ከውድድሩ በፊት ባለው ዕለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ስለዚህ ሁለቱም በወሰዱበት ሰዓት የጣሱት የዋዳ ደንብ የለም። እሑድ ሮጡ፣ ናሙና ሰጡ፣ የሁለቱም ሽንት ውስጥ ተገኘ። ኮኬይን የሳበው ሦስት ወር አርፎ ይመለሳል። ጫት የቃመው ግን መነሻው ሁለት ዓመት ነው።

ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ዝርዝሩ ራሱ ኮኬይንን ከጫት አስበልጦ የሚፈራው መሆኑ ነው። ኮኬይን የተመደበው መነሻ ቅጣቱ አራት ዓመት በሆነው ከባዱ ክፍል ውስጥ ነው። ካቲን ያለው ቀለል ባለው፣ የሁለት ዓመቱ ክፍል ውስጥ ነው። ከባድ ለተባለው ልዩ በር ተከፍቶለት ሦስት ወር ሆነ፤ ቀላል የተባለው በሩ ስላልተከፈተለት ሁለት ዓመት ላይ ቀረ። ይህን እኩልነት ብሎ የሚያስተምር ሰው ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስረዳን።

«ቀለል ያለው ምድብ ውስጥ ስለሆነ እኮ እስከ ማስጠንቀቂያ ሊወርድለት ይችላል» የሚሉ አሉ። ከክርክሮቻቸው ሁሉ ደካማው ይህ ነው። ቅጣቱ እንዲወርድለት አትሌቱ «ጉልህ ጥፋት የለብኝም» ብሎ ማስረዳት አለበት፤ የማስረዳቱ ሸክም የእሱ ነው። ነገሩ ከየት መጥቶ ሰውነቱ ውስጥ እንደገባም ማሳየት አለበት። ጫት ደግሞ በመሳሳት አይቃምም። ዳኞቹ የሚጠይቁት «አውቀህ ነው ወይ የቃምከው?» ብለው ነው፤ መልሱ «አዎ» ነው፤ ታዲያ ጉልህ ጥፋት የለብኝም የሚለው ምን ይዞ ነው? ኮኬይን የሳበውም አውቆ ነው የሳበው፤ እሱን ግን ማንም አይጠይቀውም። ማስረጃ አምጣ ቢባልስ? ጫት በቅጠል ተጠቅልሎ ነው የሚሸጠው፤ ማሸጊያ የለው፣ የምርት ቁጥር የለው፣ ደረሰኝ የለው። የቴኒስ ተጫዋቹ ያኒክ ሲነር በ2024 ክሎስቴቦል የተባለ የተከለከለ ንጥረ ነገር ሲገኝበት የሚረጨውን መድኃኒት በስሙ ጠርቶ፣ የፊዚዮቴራፒስቱን ቃልና የሳይንስ ባለሙያዎችን ምስክርነት አቅርቦ ነው የተከራከረው። ዋዳ ይግባኝ ካለ በኋላም በፌብሩዋሪ 2025 በሦስት ወር እገዳ ተስማሙ፤ ከትልልቆቹ የቴኒስ ውድድሮች፣ ከግራንድ ስላሞቹ፣ አንድም ሳያመልጠው ተመለሰ። ሰውየው አጭበርብሯል እያልኩ አይደለም። እንዲህ ያለውን ፋይል ለማደራጀት የሚያስፈልገውን ጠበቃ፣ ባለሙያና ገንዘብ የወሎ አትሌት ከየት ያመጣል ነው የምለው።

ሕጉ ለሌሎች ሲታጠፍ ደግሞ ዓይናችን እያየ ነው የታጠፈው። ቡና እስከ 2003 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ድረስ ገደብ ነበረው፤ ካፌይን ሽንት ውስጥ ከ12 ማይክሮ ግራም ካለፈ ጥፋት ነበር። በ2004 ከዝርዝሩ ወጣ፤ ምክንያቱም ዓለም በሙሉ ይጠጣዋል። የጉንፋን መድኃኒቱ ስዩዶኤፌድሪን ገደቡ 25 ነበር፤ በ2004 ወጣ፣ በ2010 ሲመለስ ገደቡ 150 ሆነ። የካናቢስ ገደብ በ2013 ከ15 ወደ 150 ናኖ ግራም በአንድ ጊዜ አሥር እጥፍ አደገ። በ2021 አንዲት አሜሪካዊት የ100 ሜትር ሯጭ በካናቢስ ተይዛ የአንድ ወር እገዳ ነው የተሰጣት፤ ቶኪዮ ስላመለጣት ብቻ አገር ምድሩ ጮኸ፤ ዋዳም ጉዳዩን እንደገና ለማጥናት ተገደደ። ካናቢስ ባይፈቀድም ቢያንስ ጥያቄው ተሰማ። ስለ ጫት ማን ጮኸ? ማንም። የእኛ ሰዎች አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኖባቸው፣ ዋዳን ትተው ልጁን ይመክራሉ።

«በኅብረተሰቡ ውስጥ» የሚለው መስፈርት ለየትኛው ኅብረተሰብ ነው የተጻፈው? ከባቲ እስከ ሐይቅ፣ ከከሚሴ እስከ መርሳ ከሰዓት በኋላ የሚቃመውን የሚያውቅ ሰው ጫት ከስፖርት ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለው ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። ሐድራው ላይ መንዙማው ሲወጣ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ጫቱ ሲመረቅ የተቀመጠ ወጣት ሪከርድ ለማሻሻል አይደለም የተቀመጠው። መስፈርቱን የጻፉት ሰዎች የሚያውቁት የራሳቸውን ከተማ የምሽት ጭፈራ ቤት ነው። ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው፤ የሚያውቁትን ሱስ ይቅር አሉ፣ የማያውቁትን ቀጡ።

ለአትሌቶች ግን ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ግልጽ ግልጹን ልናገር። የትናንት ቅሚያ ለነገ ውድድር አስተማማኝ አይደለም። ሽንት አሲድነቱ ሲቀንስ እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮች ከሰውነት ቶሎ አይወጡም፤ ስለዚህ አብረው የቃሙ ሁለት ሰዎች ሽንት ውስጥ የሚገኘው መጠን አንድ ላይሆን ይችላል። «ጓደኛዬ ቅሞ ተመርምሮ ምንም አልሆነም» የሚባለውን ምክር አትስሙ። ናሙና ስትሰጡ በቅጹ ላይ ያለፉት ሰባት ቀናት መድኃኒት የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ መርፌውንም፣ ኪኒኑንም ሳታስቀሩ አስመዝግቡ። ሽንቱም ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት፤ 60ው በ«ኤ»፣ 30ው በ«ቢ» ጠርሙስ ይገባል። ጠርሙሱ መታሸጉንና ቁጥሩ ቅጹ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ሳታዩ አትፈርሙ።

ከጫት ሌላ አንድ ነገር ልጨምር፤ እሱም ግሉኮስ ነው። በዝርዝሩ መሠረት በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በደም ሥር መውሰድ ክልክል ነው፤ በውድድር ሰዓትም ከውድድር ውጭም። ዓላማው ይገባኛል፤ ደሙን ያቀጠነ አትሌት ያጭበረበረውን መደበቅ ይችላል። ግን ክልከላው የማይመለከተው ሆስፒታል ውስጥ ለሚሰጥ ሕክምና፣ ለቀዶ ሕክምና እና ለምርመራ ነው ይላል። የገጠር ሰው ተቅማጥና ትውከት ሲይዘው የሚሄደው ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ የሚተከልለት የ1000 ሚሊ ሊትር ከረጢት ነው፤ ከተፈቀደው አሥር እጥፍ። ነፍሱን ያዳነለት ፈሳሽ ሆስፒታል የሚል ታፔላ በሌለበት ቤት ስለተሰጠ ጥፋት ሊሆንበት ነው። መፍትሔው ወደኋላ የሚሠራ የሕክምና ፈቃድ መጠየቅ ነው ይባላል። ይቻላል፤ ግን ካርዱ ላይ «ግሉኮስ ተሰጥቷል» ብቻ ከተጻፈ ማመልከቻው ይወድቃል። የፈሳሹ ስም፣ መጠኑ፣ የተተከለበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የበሽታው ምልክት፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የሐኪሙ ፊርማና ማህተም ያስፈልጋል። ከአልጋው ሳትነሱ ባለሙያውን ይህን አስጽፉት፤ ከወር በኋላ ተመልሳችሁ ካርዱን ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ወደ ጫቱ እንመለስ። አትሌቱ ዝርዝሩን መቃወም አይችልም፤ የኮዱ አንቀጽ 4.3.3 አንድ ነገር ለምን ዝርዝር ውስጥ ገባ፣ ለምን እዚህ ምድብ ተቀመጠ ብሎ መከራከርን ዘግቶበታል። ሎዛን ያለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ድረስ ቢሄድም ይህን በር አይከፍትለትም። መናገር የሚችለው መንግሥት ነው። ዋዳ በስዊዘርላንድ ሕግ የተቋቋመ የግል ፋውንዴሽን ነው፤ መንግሥታትን የሚያስረው በ2005 የጸደቀውና በ2007 ሥራ ላይ የዋለው የዩኔስኮ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። የክልከላ ዝርዝሩ የዚህ ስምምነት የመጀመሪያው አባሪ ነው። በየዓመቱ ሲቀየር በአንቀጽ 34 መሠረት አባል አገሮች ይነገራቸዋል፤ ለመቃወም 45 ቀን አላቸው። ሁለት ሦስተኛው ካልተቃወመ ጸደቀ ማለት ነው። ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ ሆኖ ይቆጠራል።

«ሁለት ሦስተኛ ከየት እናመጣለን?» ይሉኛል። አናመጣም። ግን ያው አንቀጽ አንድ አገር ብቻዋን «ይህን ማሻሻያ አልተቀበልኩም» ብላ ማስታወቅ እንደምትችልም ይፈቅዳል። ያ አትሌቱን ከፌዴሬሽኑ ቅጣት አያድነውም፤ ዋዳ ግን እንዳላየ ሊያልፈው የሚከብደው ወረቀት ይሆናል። ከዚያ በፊት ደግሞ የዝርዝሩ ረቂቅ ለአስተያየት ሲላክ የመጻፍ ዕድል አለ። ጫት የሚቃምባቸው ኬንያ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያና የመን አብረው ቢፈርሙ ጥያቄው የአንድ አገር ልመና መሆኑ ይቀራል። ጫት ይፈቀድ አይደለም የሚባለው። ሁለት መስመር ነው የሚበቃው፦ ካቲንና ካቲኖን ከኮኬይን ጎን «የሱስ ንጥረ ነገሮች» ውስጥ ይግቡ፤ በደም ሥር ስለሚሰጥ ፈሳሽ በሚለው ላይ «ሆስፒታል» ከሚለው ቀጥሎ «ጤና ጣቢያ» ይጨመር። የሚቀጥለው ዝርዝር እስከ ኦክቶበር 1 ይወጣል፤ ረቂቁ የሚላከው ከዚያ አስቀድሞ ነው።