ሰው አለው?

ዛሬ ጠዋት አራት ኪሎ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶዬን አዝዤ፣ ካርታዬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ባሌ ያለውን መንገድ በእርሳስ አሰምራለሁ። አጠገቤ ሦስት ባዶ ወንበሮች አሉ። አንዱ መጣና የወንበሩን ጀርባ ጨብጦ፣ "ሰው አለው?" አለኝ። "የለውም" አልኩት፤ ወሰደ። ሁለተኛው መጣ። "ሰው አለው?" "የለውም።" ወሰደ። ሦስተኛውማ አፉን መክፈቱንም ተወው፤ ወንበሩን አንስቶ እየሄደ በቅንድቡ ጠየቀኝ፣ እኔም በቅንድቤ መለስኩለት። ጥቂት ቆይታ አስተናጋጇ መጣች። "ጋሼ፣ ብቻዎን ከሆኑ ወደዚያች ጥግ ቢዛወሩልኝ? እነዚህ አምስት ናቸው።" ቀና ስል አምስቱ ቆመው ያዩኛል። ሦስቱ ወንበሮቼን የያዙት ናቸው።

ተዛወርኩ። የጥጓ ጠረጴዛ አንድ እግሯ አጭር ኖሮ ገና ክንዴን ሳስደግፍ ማኪያቶው ተገለበጠና ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ ያለውን አገር አጥለቀለቀው።

ያናደደኝ ወንበሩ አይደለም። ወንበር የካፌው ነው። ያናደደኝ የገዛ መልሴ ነው። "ሰው የለውም" እኛ ዘንድ ቀላል ቃል መሰላችሁ? ሰው የለውም የተባለ ፋይሉ ይጠፋል፣ ወረፋው ይዘለላል፣ ለቅሶው ይሳሳል። እኔ ደግሞ ቁርስ ሳልቀምስ ሦስት ጊዜ በራሴ ላይ መሰከርኩ። ጴጥሮስ እንኳ ሦስት ጊዜ ሲክድ ዶሮ ጮኾለታል፤ ለእኔ የጮኸልኝ የማኪያቶ ማሽን ብቻ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። የዓመት ፈቃዴን ሐምሌ ላይ እወስድና በአሮጌዋ ቮልሴ ብቻዬን እወጣለሁ። ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ፤ ከዚያ ባይኖኩላሬን አንግቼ ወፍ አያለሁ። አምናም አድርጌዋለሁ። ሁለቱም ጓደኛ የማይችሉ ሥራዎች ናቸው። አጠገብህ ሰው ካለ ሩጫው ወሬ ይሆናል፤ አጠገብህ ሰው ካለ ወፏ የለችም። በቃ ይኸው ነው። ይህንን ለማስረዳት ግን ከሰኔ ጀምሮ ጉሮሮዬ ደርቋል።

መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "የት ነው?" አይደለም፤ "ከማን ጋር?" ነው። "ብቻዬን" ካልኩ ግማሹ ከሚስቴ የተጣላሁ ይመስለዋል፤ ግማሹ ሐኪም አንድ ነገር የነገረኝ ይመስለዋል። የእድራችን ጸሐፊ ክንዴን ይዘው ገለል አደረጉኝና፣ "ልጄ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ሬሳህን ማን ያመጣዋል? ደንባችን ከከተማ ውጭ ላለ ማጓጓዣ አይከፍልም" አሉኝ። መልካም ሰው ናቸው፤ የተጨነቁት ግን ለእኔ ነው ወይስ ለደንቡ፣ አልለየሁም።

ከሬሳዬ ቀጥሎ ሰፈሩን እንቅልፍ የነሳው የቮልሷ ባዶ ወንበር ነው። ለሻሸመኔው አጎት መድኃኒት፣ ለአዳባዋ አማት ጋቢ፣ ዶዶላ ድረስ ብቻ የምትወርድ አንዲት "ዝም ያለች ልጅ"። ስመለስ ደግሞ ከመቂ ቲማቲም፣ ከዝዋይ ዓሣ፣ ከሻሸመኔ ድንች። "እግረ መንገድህን ነው" ይሉኛል። "ባዶዋን ከምትሄድ!" እኔ ውስጧ ቁጭ ብዬ እየነዳሁ፣ ባዶዋን!

ተረትና ምሳሌዎቻችንም ቢሆኑ አልረዱኝም። "ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል" አሉ፤ አብሮ የበላው አብሮ ሲሞት አላየሁም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አሉ፤ ቀድሞ ነገር ሃምሳ ሎሚ ምን ላድርገው? "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አሉ። አንበሳ የማሰር ሐሳብ የለኝም። የእኔ ሐሳብ ጭቃ ውስጥ ቆሜ አንዲት ቢጫ ወፍ ማየት ነው።

እስቲ አበበ ቢቂላን አስቡት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ እዚህ ሰው ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ሲገዛ፣ እሱ ሮም ውስጥ በባዶ እግሩ ይሮጣል። ረጅሙን መንገድ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ነው የሄደው። እስከዚያ ድረስ ማኅበራዊ ኑሮ ነበር በሉት። መጨረሻው ላይ፣ ያኔ ሮም ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርስ ግን ባልንጀራውን ትቶ ብቻውን ወጣ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። ቶኪዮማ፣ ጥቅምት 1957፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ገና ሳምንታት አልፈውት፣ ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ስታዲየም ገባና ሣሩ ላይ ጅምናስቲክ ይሠራ ጀመር። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው 4 ደቂቃ ሙሉ ብቻውን! አንድም ጃፓናዊ ጠጋ ብሎ "ከማን ጋር ነህ?" አላለውም።

እኔ አበበ አይደለሁም፤ አውቃለሁ። ወፍ ጭጭ ሳይል፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ እወርዳለሁ። መውረዱ ደስ ይላል። መመለሻው ዳገት ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ዳገት ሆድ ላበጀ ሰው አይራራም። ያም ሆኖ የሚከብደኝ ዳገቱ ሳይሆን አስተያየቱ ነው። "ኃይሌ!" የሚለው አለ፤ ኃይሌ ላለመሆኔ ማስረጃው ከፊቴ ቀድሞ እየሄደ። "ማን እያባረረህ ነው?" የሚል አለ። "ጋሼ፣ በታክሲ አይሻልም?" የሚል ደግ ልጅ አለ። እነዚህን እንኳ እችላለሁ። የማልችለው አዲሱን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አራት ሆነው፣ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው የሚዘጉትን ነው። "ይቅርታ" ብትል አይሰሙ፤ ብትስል ይገላመጣሉ፤ በአስፋልቱ ብትዞር ሚኒባስ አለ። ለአንድ ሰው ማለፊያ ክንድን መፍታት ዝምድናን የመፍታት ያህል ይከብዳቸዋል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጭራሽ፣ "ብቻህን መንገዱን ሁሉ ልትይዘው ነው እንዴ?" አለኝ። አራት ሆኖ! ለእኔ!

ወፉ ደግሞ ይብሳል። አንድ ማለዳ፣ የማን እንደሆነ በማልናገረው አጥር አጠገብ፣ ሽቅብ ባይኖኩላር ደግኜ ቆሜያለሁ። እኛ ሰፈር ጋጋኖ የምንላት ባለ ረጅም ቆልማማ መንቁር ወፍ አለች፤ ጉሮሮዋ ሥር ቁራጭ ሥጋ ተንጠልጥሎባት ጠዋት ጠዋት በከተማው ላይ እየጮኸች የምታልፈው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር ሌላ አገር የላትም። የውጭ ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣው እሷን ለማየት ነው፤ እኛ ከእንቅልፋችን ስለቀሰቀሰችን እንረግማታለን። ጥበቃው መጣ።

"ምንድን ነው የምታየው?"

"ወፍ።"

ሽቅብ አየ፤ ከእግር እስከ ራሴም አየኝ። "እዚህ ወፍ የለም!"

ይህን ሲል ሦስት ጋጋኖዎች ከጀርባው አጥሩ ላይ አርፈው እየጮኹ ነበር። የምሩን ወፍ የለም ማለቱ ይሁን የአራዳውን "ወፍ የለም"፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለማንኛውም ሄድኩ።

በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ ዘለግ ያለ የወፍ ስም ዝርዝር ስፈልግ ያገኘሁት ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ነው። ጉጉት፣ እርኩም፣ ጋጋኖ፣ ይብራ፣ ሽመላ፣ ጅንጅላቴ ወፍ። የተዘረዘሩት ግን እንዳይበሉ ነው! ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ያለበት አገር፣ በስማቸው የጠራቸው "እነዚህን አትብላ" ለማለት ሆነ። የቀረው ሁሉ "ወፍ" ነው፤ ተለቅ ካለ "አሞራ"።

ከተረቶቻችን ሁሉ የምወደው ግን አንድ አለ፤ "ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች።" ይህን የተናገረ ሰው ብቻውን ጫካ የተቀመጠ መሆን አለበት፤ በማኅበር የሚሰማ ነገር አይደለማ። ተመራማሪዎችም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ብዙዎቹ ዘማሪ ወፎች ዜማቸውን የሚማሩት ጫጩት ሳሉ አጠገባቸው ከሚዘምሩት አዋቂዎች ስለሆነ፣ አንዱ ዝርያ ራሱ ከቦታ ቦታ ቀበልኛ አለው። እኔ ይህን ለመረዳት ሳይንስ አላስፈለገኝም። ያደግሁት እሪ በከንቱ ሰፈር ነው። እንዳገሬ መጮኼ ይኸው ነው፤ ሰሚ የለም።

አሁን ያንገትኳት ባይኖኩላር ሁለተኛዬ ናት። የመጀመሪያዋን አንድ ወዳጄ ለደመራ ተዋሰኝ። "ለአንድ ቀን ብቻ" አለ፤ መስቀል አደባባይ ከኋላ ሆኖ ችቦው ሲለኮስ ሊያይባት። መስከረም 16 ቀን 2003። ሄደች፤ የቁራ መልእክተኛ ሆነች። በሳምንቱ ስጠይቀው፣ "እህቴ ጋ ናት።" በወሩ፣ "እህቴ ለባሏ ሰጥታው።" በዓመቱ ስጠይቀው ዓይኑ ዕንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው፤ "ወዳጅነታችን ከአንድ መነጽር ያንሳል እንዴ?" አለኝ። አስቡት፤ ዕቃዬን የበላው እሱ፣ ወዳጅነት ያጎደልኩት እኔ! ብቻዬን ልሁን ስል የሚገስጹኝ ሰዎች ይህን ሰው "ተጫዋች ነው፣ ሰው ይወዳል" ይሉታል። ይወዳል እንጂ። የሰው ባይኖኩላርም ይወዳል።

አሁን የማገኘው በዓመት አንዴ፣ ያውም ደመራ ላይ ነው። የመስቀል ወፍ ሆነ አልል ነገር፣ የመስቀል ወፍን መሳደብ ይሆንብኛል። ከሩቅ አገር መጥታ በጥቅምት የምትመለስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ክረምት ማብቂያ ላይ በቀይና በጥቁር አጊጠው የምናያቸው ወንዶቹ ወፎች ግን የትም አልሄዱም። ዝናቡ ሲመጣ ላባቸውን ይቀይራሉ እንጂ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው፤ የቀረውን ጊዜ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆነው ሣር ውስጥ ፍሬ ይለቅማሉ። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ወዳጄም እንደዚያው ነው። ከተማዋን ለቆ አያውቅም፤ እኔን ሲያይ ብቻ ላባውን ይቀይራል።

ስለ ጉዞው ልነግራችሁ ነበር እኮ። አምና ቢሾፍቱ ላይ የሐይቁን አፋፍ ይዤ ሮጥኩ፤ ሐዋሳ ዓሣ ገበያው አጠገብ አባ ኮዳዎቹ ጡረታ የወጡ ዳኞች መስለው ቆመው የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ አየሁ። በቆጂ ላይ ጠዋት ስሮጥ አንዲት ደብተር የያዘች ልጅ በጎማ ጫማ አልፋኝ ሄደች፤ ደራርቱንና ቀነኒሳን ያፈራ አገር መሆኑን ባውቅም እልህ ያዘኝና ተከተልኳት። ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ተመልሳ መጥታ፣ "ሰው የለህም?" አለችኝ። ሰው ልጥራልህ ወይ ማለቷ ነበር። ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ላይ፣ ክንፈ ሰማያዊዎቹን ዝዮች በጉም መካከል አየኋቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሄዱት። ማታ አንድ ጎባ ያለ ፔንሲዮን ስገባ ልጁ "ለስንት ሰው?" አለኝ። "ለአንድ።" አንገቱን አስግጎ ከኋላዬ አየ። "ሌላው መኪና እያቆመ ነው?"

ይህን ስጽፍ አራት ኪሎ ላይ ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። መንገደኛ ሁሉ በረንዳው ላይ ተጠቅጥቋል፤ የእኔን አንካሳ ጠረጴዛ ስድስት ሰው ከቦታል፤ የአንዱ ጃንጥላ ባሌ ላይ ይንጠባጠባል። ማንም ማንንም "ሰው አለው?" አላለም። አንድ ጎልማሳ፣ ከነእርጥቡ ክንዴ ላይ ተደግፎ፣ ካርታዬን በደንብ ካጠና በኋላ ዓይኑ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አረፈ።

"ወንድሜ፣ ይቺ ባይኖኩላር ናት አይደል? ለደመራ ብታውሰኝ፤ ለአንድ ቀን ብቻ።"

"ሰው አላት" አልኩት።