የ25 ነጥቡ ጥያቄ

ለንደን የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ዘንድሮ ሲክስዝ ፎርም ገብታለች። ይህ በእንግሊዝ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጁበት የሁለት ዓመት ትምህርት ሲሆን፣ ከእኛ 11ኛና 12ኛ ክፍል ጋር ይቀራረባል። የያዘችው ኢኮኖሚክስ፣ ሒሳብና ታሪክ ብቻ ነው።

አንድ ምሽት ታርሞ የተመለሰላትን ጽሑፍ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ጥያቄው በ2018 እ.ኤ.አ. በለስላሳ መጠጦች ላይ የተጣለው የስኳር ታክስ ውጤታማ መሆኑን መዝኑ የሚል ነው፤ 25 ነጥብ ይይዛል። ልጅቷ ታክሱ ሲጀመር ስኳር ለበዛበት መጠጥ በሊትር 24 ፔንስ እንደነበረ፣ ብዙ አምራቾችም ላለመክፈል ስኳሩን አስቀድመው እንደቀነሱ ጽፋ፣ የአቅርቦትና የፍላጎት ግራፉን አሳምራ ስላ፣ «ስለዚህ ታክሱ ጥሩ ነው» ብላ ዘግታዋለች። መምህሯ ከጎኑ በቀይ የጻፈላት «ለማን? በምን ሁኔታ?» የሚል ሲሆን፣ ነጥቡንም የቆረጠባት እዚያው ላይ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ስማር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ መምህር አልነበረም። ትርጓሜውን በእንግሊዝኛ በቃሌ ይዤ ከአራት ፊደላት አንዱን አጠቁር ነበር፤ ደሴ ያለው የወንድሜ ልጅም ዛሬ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ተፈታኝ ድርሰት ማረም ቀላል እንዳልሆነ አይጠፋኝም። ሆኖም የመልቀቂያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው አገር ሲነጋገር፣ ስለ ኩረጃ ብዙ ስሰማ ስለ ጥያቄዎቹ ዓይነት ግን እምብዛም አልሰማሁም።

የሚቆጨኝ ልጁ የሚጽፈው ያላነሰው መሆኑ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ባለፈበት ሰሞን፣ እናቱ ዘይት ግዛ ብላ ልካው ባዶ እጁን ተመልሷል። ዘይቱ መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ እያየ፣ ባለሱቁ «የነገውን ዋጋ ሳላውቅ አልሸጥም» ብሎ መለሰው። በቀደም ይህን በስልክ ሲያወጋን የእኅቴ ልጅ ብድግ አለች፤ ሰዎች ዋጋ ይጨምራል ብለው ሲጠብቁ ጥበቃው ራሱ ዋጋውን እንደሚያንረው ያጠናችው በዚያው ሳምንት ኖሯል። ባለሱቁ ስንት ቀን ዘጋ፣ ሌሎቹስ፣ ጎረቤት ተበዳድሮ ነው ወይስ ታግሦ የከረመው እያለች በተሰባበረ አማርኛዋ ስትጠይቀው፣ እርሱም አንድ በአንድ ሲያስረዳት ግማሽ ሰዓት አለፈ።

በመጨረሻ «ይህንን ለትምህርት ቤት ጽፈኸዋል?» አለችው።

«የት ላይ ይጻፋል?» አላት።