ይታጠብ ወይስ ይጣል? በአንድ ፔጆ 404 የነዳጅ ታንክ ላይ የተደረገ ክርክር

የክርክሩ መነሻ እንዲህ ነው። ሐረር ውስጥ ከአባቱ ፔጆ 404 የወረሰ ሰው፣ ከድሬዳዋ ሲመለስ መኪናው ደንገጎ ዳገት ላይ ደጋግሞ ስለጠፋበት ታንኩን አውርዶ በአቼቶ አጠበው። ይህን የሰሙ አንድ የድሬዳዋ አንጋፋ በያጅ «ከንቱ ልፋት ነው፤ ጥለህ አዲስ አሠራ» አሉት። ሁለቱም ሐሳባቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል።

ባለመኪናው፣ ከሐረር

ጋሼ፣ ጥፋቱ የታንኩ መሆኑን እንዴት እንዳወቅሁ በቅድሚያ ልንገርዎት። ደንገጎ ላይ የቆመ አሮጌ መኪና ያየ ሰው ሁሉ «ሙቀት ነው፣ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ፈልቶ ነው» ይላል። እኔም አምኜ ሁለት ጊዜ የነዳጅ ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ መንገድ ዳር ተቀምጫለሁ። ጥቂት ካረፈ በኋላ ይነሳል፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይሄዳል፣ እንደገና ይጠፋል። ያሞኘኝ ማረፉ ነው። ለካ ሞተሩ ሲጠባ የመምጠጫውን ወንፊት የሚሸፍነው ዝገት፣ መጥባቱ ሲቆም ወደ ታንኩ ወለል ተመልሶ ይወርዳል። መኪናው የሚነሳው ስለቀዘቀዘ ሳይሆን ጉሮሮው ስለተለቀቀ ነው።

በሦስተኛው ጊዜ ጨርቁን ትቼ ግቢዬ ውስጥ በቀትር ፀሐይ ሞከርሁት። በራሱ ታንክ ሲሆን፣ ቆሞም እንኳ የቤንዚን መርገጫውን ስረግጥ ይጠፋል። ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ነቅዬ ከንጹሕ ጀሪካን ሳጠጣው ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያስነጥስ ሠራ። ከዚህ በኋላ ሙቀትን መክሰስ አልቻልኩም።

ታንኩን ሳወርደው የቡና አተላ የመሰለ ጭቃ ወጣው፤ ከሥሩ ደግሞ ውሃ ነበረ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ዝገቱንም የሚያበስለው እሱ ነው። የነዳጅ መለኪያውን ተንሳፋፊ አወጣሁ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ አጠብሁ፣ ሰንሰለት ከትቼ አናወጥሁት። ጠጠር ያልተጠቀምኩት ጠጠር እየተደበቀ ስለሚቀር ነው፤ ሰንሰለት ግን በአንድ ጫፉ ይሳባል። (ማናወጡን በጠዋት መጨረስ ነበረብኝ፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ የበርጫ ሰዓት ስለሆነ ጉልበት የሚያበድር ጎረቤት የለም።) ቀጥሎ አቼቶ ሞልቼ ሁለት ቀን አሳደርሁት፣ የአሲዱን ርዝራዥ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጠፋሁት፣ ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቄ በጥቂት ቤንዚን ለቀለቅሁት። አሁን ግራጫ ብረት ይታየኛል። ንጹሕ ውሃ ሞልቼ ሁለት ሌሊት ብተወው አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

404 ፈረንሳይ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1975 የተመረተ፣ የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ድርጅት ፒኒንፋሪና የነደፈው መኪና ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር አራት ጊዜ ያሸነፈ፣ ከሐረሩ አደባባይ ከፈረስ መጋላ ታክሲዎችም ጋር ስሙ የተሳሰረ ነው። የዚህን መኪና ታንክ ቆሸሸ ብዬ የምጥለው ለምንድን ነው?

በያጁ፣ ከድሬዳዋ

ልጄ፣ ምርመራህ ከስንት መካኒክ ምርመራ ይበልጣል። የምንጣላው መደምደሚያህ ላይ ነው።

ብየዳ የተማርኩት በሽመንደፈር፣ በባቡር ድርጅቱ ጋራዥ ነው። ከዚያ በኋላ ኬዚራ ሰፈር ውስጥ ስንቱን ታንክ ለሁለት ከፍቼ አየሁ። ከውጭ ቀለሙ ሳይነካ ከውስጥ እንደ ወንፊት የሆነ ታንክ ታቅፌ አውቃለሁ። አቼቶ ዝገት ይበላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ስንቱን ቀዳዳ ደፍኖ የያዘው ያ ዝገት ነበር? አንተ ድጋፉን አፍርሰህ ቤቱ ቆሟል ትላለህ። በውሃ ሞከርሁት ማለትህ ደግሞ አሳቀኝ። ውሃ የማያልፍበትን ስንጥቅ ቤንዚን ሾልኮ ያልፍበታል፤ ከሳምንት በኋላ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ እንግዳህ ራሴን አመመኝ ይልሃል።

የምፈራው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። ቀዳዳ ሲገኝ ሰው ታንኩን ተሸክሞ ወደ በያጅ ይሮጣል፤ «ባዶ ነው፣ ታጥቧል፣ እዚህች ጋ ብቻ ለጥፍልኝ» ይላል። ባዶ የሚባል የቤንዚን ታንክ የለም። አየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ የሚሆን የቤንዚን ተን ካለ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ሙሉው ታንክ ውስጥ ተኑ እጅግ ስለሚበዛና አየር ስለሚያንስ አይፈነዳም፤ ያን ልክ የሚያገኘው ባዶው ነው። በስፌቱና በዝገቱ ሥር የተሸሸገው ቤንዚን ደግሞ እሳቱ ሲያሞቀው እንደገና ይተናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሦስት ጊዜ በሳሙና የታጠበ ታንክ ላይ እሳት አስነክቶ ታንኩ እንደ ፊኛ ተነፋ፤ እሱም አንድ ጆሮውን ትቶ ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጌ ታንክ በውሃ አፉ ድረስ ካልተሞላና ከላይ የቀረው ክፍት ቦታ ከአንድ ጣት ካልጠበበ አልነካም።

አዲስ ግን ምን ያጣል? አንድ ሚሊሜትር ላሜራ እቆርጣለሁ፣ አጥፌ እበይዳለሁ። ዳገት ላይ ነዳጁ ወደ ኋላ ተንጋሎ መምጠጫው ባዶ እንዳይቀር ውስጡ ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ግድግዳዎች አቆምለታለሁ። በጥቂት አየር ነፍቼ ስፌቱን በሳሙና አረፋ እፈትሻለሁ። ተረክበህ ትሄዳለህ።

ባለመኪናው

የብየዳውን አደጋ እቀበላለሁ፤ እኔ ግን ይበየድልኝ አላልኩም። ዝገቱ ቀዳዳ ደፍኖ ከነበረም ቀዳዳውን ግቢዬ ውስጥ ባገኘው ይሻለኛል እንጂ ደንገጎ ላይ መኪናው ሲያነባ ማየት አልፈልግም። ማጠብ ማለት መመርመርም ነው።

ስለ ላሜራዎ ግን ልጠይቅ። የፋብሪካው ታንክ ከዝገት የሚከላከል ልባስ አለው፤ የእርስዎ ላሜራ ውስጡ እርቃኑን ነው። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ እንዳይጠቀሙ ሲበየድ ጭሱ ያማል፣ ስፌቱ ላይም ልባሱ ይቃጠላል። ታዲያ በግማሽ ታንክ ካሳደርኩትና የሐረር የሌሊት ብርድ ከላይኛው ባዶ ቦታ ጤዛ ካወረደበት፣ ከአሮጌው በምን ይሻላል? የመለኪያው ተንሳፋፊም ክንዱ ለድሮው ታንክ ቅርጽ የተሠራ ነው። ቅርጹ ሲቀየር ሩብ ነዳጅ ይዤ ግማሽ አለኝ ብዬ እነዳለሁ።

በያጁ

የመለኪያው ነገር ልክ ነው፤ ነገር ግን የ404 መለኪያ መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል? አባትህም ክዳኑን ከፍቶ በእንጨት ሳይለካ አይቀርም።

ስለ ልባሱ ግን ራስህን ትቃረናለህ። ታንክህ ውስጥ ልባስ ቢኖር ኖሮ አተላ አይወጣውም ነበር፤ የቀረችውንም አቼቶው አብሮ ልጦታል። ስለዚህ ግራጫው ብረትህና ላሜራዬ እኩል እርቃን ናቸው። ልዩነታቸው ውፍረት ነው፤ የእኔ ሙሉ ሚሊሜትር ነው፣ የአንተ ስንት እንደቀረ አታውቀውም። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ሞልቶ ማሳደር፣ ከታንኩና ከፓምፑ መካከል የሚታይ ፊልትሮ መግጠም፣ የጀሪካን ቤንዚን በጨርቅ ሳያጠልሉ አለመቅዳት።

ደግሞ አንድ ነገር እንዳትሞክር፦ ውስጡን የሚቀቡት ሙጫ መሰል ቀለም። ብረቱ ጠርቶ ካልደረቀ ተገሽልጦ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ ያኔ ዝገቱን ትናፍቀዋለህ።

ባለመኪናው

ሙጫውን አልነካም። ስለ ውፍረቱ ግን መልስ የለኝም፤ በእጄ ሳንኳኳው ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰጠኝ።

በያጁ

ማንኳኳት አይበቃም። ውሃ ታች ስለሚተኛ ወለሉን ገልብጠህ፣ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበትን ስፌት ተከትለህ በካቻቪቴ ጫፍ ጠንከር አድርገህ ውጋው። ካልገባ ያጠብኸውን ታንክ መልሰህ ግጠም፣ እኔም ምርቃት እጨምርልሃለሁ። ከገባ ላሜራ እቆርጣለሁ።

ባለመኪናው

ስፌቱን እርስዎ ይውጉት፤ እኔ ከወጋሁት እጄ ይራራል። እሑድ ጠዋት ይዤው ድሬዳዋ እወርዳለሁ።

በያጁ

በቤንዚን ለቅልቄዋለሁ ብለሃል። ባዶ ነው ብለህ ሚኒባስ ላይ እንዳትጭነው። መጀመሪያ በሳሙና አጥበህ ክዳኑን ከፍተህ ሁለት ቀን አስጣው፤ ከዚያም ሲጋራ የማያጨስ ባለ ፒካፕ ፈልግ።